ባለ ሃምሳ ሉኩ ደብተር፦ የአራት ትውልድ መጻሕፍት በባሕር ዳር ቤታችን እንዴት ቆዩ

በቤታችን ካሉት መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የምሳሳለት አንድ ደብተር ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፤ ሽፋኑ ረግፏል፤ አንዱን ጥግ አይጥ ቆርጥሞታል። አያቴ የብራና ጸሐፊዎችን ወግ ተከትለው የመጽሐፉን ስም በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ቀለም ጽፈውበታል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ፣ አለቃ ታየ፣ አሥመራ ፲፱፻፲፬። አባቴ ዘጌ ላይ በአንድ ቁና ቡና የለወጡት።»

ከአባት ከአያት የተረፈ የመጻሕፍት ሳጥን ይዘው ምን እንደሚያደርጉት የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ ነው። አንዳንዱ ለመሸጥ ያስባል፣ አንዳንዱ ሊጥለው ተቃርቧል፣ አብዛኛው ግን መጠበቅ ፈልጎ መንገዱ ጠፍቶበታል። እኛም በየተራ ሁሉንም ጥፋት አጥፍተናል። የደረሰብንን ብጽፈው ሌላው ቤት ሳይደርስ ይቀር ይሆናል ብዬ ነው የተነሣሁት።

ቅድመ አያቴ ደብተራ ነበሩ። ዘጌ በጣና ሐይቅ ዳር ያለ፣ በሬ የማይጠመድበት፣ ሰው በደኑ ውስጥ በሚለቅመው ቡና የሚኖርበት አገር ነው። በየገዳሙ የብራና መጽሐፍ ሞልቶ ሳለ ለታተመ ወረቀት ቡና መስፈራቸው ዘመዶቻቸውን ሳያስገርም አልቀረም። ለሳቸው ግን ጸሐፊው የሐይቁ ልጅ ናቸው፤ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱት በጣና ምሥራቅ በኩል፣ ይፋግ ነው። የአገራቸው ሰው የጻፈው መጽሐፍ አሥመራ ታትሞ ተመልሶ እጃቸው ሲገባ አሳልፈው መስጠት አልቻሉም። የእኛ ስብስብ የተጀመረው እንዲህ ነው።

አያቴ ባሕር ዳር ወርደው የመንግሥት ጸሐፊ ሆኑ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈት ከተማዋ ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ተሞላች። እነዚህ ሰዎች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ይሸጣሉ። ሌላው ሰው አልጋና ወንበር ሲሻማ አያቴ መጻሕፍቱን ይጠይቃሉ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ ቤታችን የገባው በዚህ መንገድ ነው። አያቴ እንግሊዝኛ አያነቡም ነበር። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ግን የደሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠሩልን ነበር፤ ክብራን፣ ዳጋ፣ ደቅ፣ ናርጋ።

ከዚያ 1970 ዓ.ም. መጣ። ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። የንጉሡ ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ቤት ውስጥ መገኘቱ ምን እንደሚያስከትል ማንም እርግጠኛ አልነበረም። አያቴ 58 መጻሕፍት መርጠው በሁለት የእንጨት ሣጥን አሽገው፣ ከላይ ከሰል አልብሰው በጀልባ ወደ ዘጌ ላኩ። እዚያ ከአንድ ዘመዳችን ጎጆ ጀርባ፣ ከማገዶ ክምር ሥር ተቀመጡ። ደብተሩን ግን አልላኩትም፤ ከእማሆይ አክስቴ የጸሎት መጻሕፍት ጋር አንድ ማኅደር ውስጥ ሰቀሉት።

ሣጥኖቹ በ1974 ዓ.ም. ተመለሱ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሲከፈቱ አያቴ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። አንደኛው ሣጥን ከሥሩ ሁለት ድንጋይ ተደርጎለት ነበርና ሽፋኖቹ ከመጉበጣቸው በቀር ደኅና ነበር። ሁለተኛው መሬቱን ነክቶ ነበር የከረመው። አያቴ ከላይ ያለውን መጽሐፍ ሲያነሱት ሽፋኑ ብቻ በእጃቸው ቀረ፤ ውስጡ አፈር ሆኗል። ምስጥ ከታች ገብቶ፣ የሣጥኑን ቅርጽ ሳይነካ፣ 31 መጻሕፍት በልቶ ጨርሷል። አያቴ ምንም አልተናገሩም። ወደ ቤት ገቡና ደብተሩን ከማኅደሩ አውጥተው በጠፋው መጽሐፍ ስም ሁሉ አጠገብ ትንሽ መስቀል አደረጉ።

መጻሕፍቱ ጠፍተዋል፤ ምን እንደጠፋ ግን እናውቃለን። አባቴ የታሪክ መምህር ነበር። ያንን መስቀል የተደረገበትን ዝርዝር በኪሱ ይዞ ሃያ ዓመት ዞረ። ለሥራም ለሕክምናም አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ፒያሳና መርካቶ ካሉ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሳይቆም አይመለስም። ከ31 ውስጥ 24ቱን ሌላ ቅጂ አገኘላቸው። ዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ምን ብሎ ይፈልግ ነበር?

ስለዚህ ሳጥን የወረሳችሁ ሰዎች፣ አቧራ ከማራገፋችሁ በፊት ደብተር ግዙ። እኛ ዛሬ በኮምፒውተርም እንመዘግባለን፤ ዓምዶቹ ግን የአያቴ ናቸው፦ የመጽሐፉ ስም፣ ጸሐፊው፣ የታተመበት ቦታና ዘመን፣ ከማን እንደተገኘ፣ በምን ዋጋ፣ መደርደሪያው ላይ ያለበት ቦታ። «ከማን» የሚለውን እንዳትዘሉት። የመጽሐፉን ስም ሽፋኑ ይነግራችኋል፤ ከማን እንደመጣ የሚያውቁት ግን አክስታችሁ ወይም አጎታችሁ ናቸው፣ እነሱም አርጅተዋል። ዛሬውኑ ሂዳችሁ ጠይቁ።

ዘመን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። እኅቴ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ የቺዝማንን መጽሐፍ በደፈናው «1936» ብላ አለፈችው። 1936 ዓ.ም. ቢሆን መጽሐፉ ከነጻነት በኋላ የመጣ ነው፤ እሱ ግን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ማለትም በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አገሩን በወረረበት ዓመት ነው። አንባቢው መጽሐፉን የሚረዳበት መንገድ በዚህ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። በግዕዝ ቁጥር የታተመውን ደግሞ እንዳለ ገልብጡና ከጎኑ በተለመደው ቁጥር ጻፉት። ፲፱፻፲፬ ማንበብ የማይችል ልጅ በየቤቱ አለ።

ሁለተኛው ትልቅ ጥፋታችን የአባቴ ነበር፤ ያደረገውም ከፍቅር ብዛት ነው። ምስጡን ስላልረሳ እያንዳንዱን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አፉን በፕላስተር አሽጎ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አቆመው። ባሕር ዳር ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የቆርቆሮው አንድ ሚስማር ላልቶ ኮርኒሱ ማፍሰስ ሲጀምር መጻሕፍቱን ልናሸሽ ስንጣደፍ ያየነውን አልረሳውም። ውሃው የነካቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። በፌስታል የታሸጉት ግን፣ ጠብታ ያልደረሰባቸውም ጭምር፣ ሽፋናቸው ላይ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ እንደ አመዳይ ተረጭቶባቸዋል። ፌስታሉ ወረቀቱ ውስጥ የነበረውን እርጥበት አፍኖ ይዞት ኖሯል።

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደርሰው ባይከለክሉን ሽፋኑ ሁሉ ተኮማትሮ፣ ቀለሙ ገርጥቶ ይቀር ነበር። ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ መጻሕፍቱን ገርበብ አድርገን አቆምናቸው፤ የአየር ማራገቢያውንም በቀጥታ እንዳይመታቸው ወደ ግድግዳው አዙረን አስነሣነው። የረጠቡት ሦስቱ ውስጥ በየአሥር ገጹ ነጭ ወረቀት እያስገባን፣ ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ እየቀየርን አራት ቀን ቆየን። ሻጋታውን የጠረግነው ከደረቀ በኋላ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ውጭ ሜዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነው። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ደረቁ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር፣ ከወለሉ ደግሞ አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል። መጻሕፍቱ እጅ እስኪያስገቡ ድረስ ላላ ብለው ተደርድረዋል። አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ መሐል መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ከ65 በመቶ ሲያልፍ ለሻጋታ ይመቻልና ዝናቡ ባቆመበት ሰዓት መስኮት ከፍተን እናናፍሳለን፤ ነሐሴ ላይ 78 አንብቤባት አውቃለሁ። ለሁለት ወር ልብስ በዚያ ክፍል አይሰጣም፣ ቡናም አይፈላም። እናቴ በዚህ ቅር ብሏት ነበር፤ ሻጋታውን በዐይኗ ስላየች ግን ተወችልን።

ለብል ደግሞ ሁሉም ሰው ናፍታሊን ይመክራል። እኛም ዘመናችንን ሁሉ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቀመጡ ራስ ያማል፣ ብሉም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አሁን የምናደርገው ማቀዝቀዝ ነው። ነፍሳት የገቡበትን መጽሐፍ በሁለት ፌስታል አየር አስወጥተን እናሽግና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት እናስቀምጣለን። እኛ የምንጠቀመው አሣ የሚሸጥ ጎረቤታችን ትርፍ ያለውን ነው፤ ሽታ እንዳይገባ ድርብ ማሸጉ ግዴታ ነው። ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። ታሽጎ እንዳለ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይና የክፍሉን ሙቀት ሲላበስ ይፈታል፤ አለዚያ ጤዛ ያረጥበዋል። ብራናንና በቀለም የተሣለ ሥዕልን ግን በዚህ መንገድ እንዳትሞክሩ።

አሁን ስለ ሥዕሎቹ። ከወረቀት ሥዕሎቻችን የምወደው የደንገል ሥዕል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ተመልሶ፣ በ1790 ኤድንብራ ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ውስጥ የአገራችንን ዕፅዋትና እንስሳት አስቀርጾ አውጥቷል፤ ኮሶም አለበት፣ ደንገልም። አያቴ ይህን አንድ ቅጠል ያገኙት ከአንድ የውጭ አገር መምህር ነው። በደብተሩ ላይ «የታንኳችን ሣር፣ ፈረንጅ እንደሣለው» ብለው መዝግበውታል። ወረቀቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ነጣ ያለ ነው፤ የተሠራው ከጨርቅ ነውና። ከሱ ጎን የነበሩት የ1960ዎቹ ጋዜጦቻችን ግን ቡናማ ሆነው ሲነኳቸው ይፈረካከሳሉ፤ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ራሱን ይበላል። ጋዜጣን ከሌላ ሥዕል ጋር አታስቀምጡ፤ የነካውን ሁሉ ያበላሻል።

በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ምልክት አለው። ሰሌዳው ወረቀቱን ሲጫነው ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ ዐይን ጨፍነው በጣት ቢያስሱት ይታወቃል። በዘመናዊ ማሽን የተባዛው ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ይህን የማወራው ያንን ጠርዝ ስላጣነው ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ሥዕሉን ፍሬም ላስገባ ብዬ ለአንድ ባለሙያ ሰጠሁት፤ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ግን አልነገርኩትም። ስመለስ ከነበረው መስታወት ጋር እንዲገጥም ዙሪያውን በመቀስ ከርክሞ፣ ችፑድ ላይ በኮላ ለጥፎታል። የተቆረጡትን አራት ጥብጣቦች ከወለሉ ላይ ለቅሜ ወሰድኩ። ዛሬም በፖስታ ውስጥ አሉ፤ በአንደኛዋ ላይ አያቴ በእርሳስ የጻፉት ቁጥር ይታያል።

ፍሬም ለምታሠሩ፦ ሥዕሉ አይቆረጥ፣ አይለጠፍ፣ መስታወቱን አይንካ። በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ፀሐይ በማይደርስበት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የተቀደደ ካለም በፕላስተር አትጠግኑት፤ ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መጻፍ ካለባችሁ ከጀርባው፣ ጥግ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ብቻ ይሁን።

ስለ መግዛትም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት በራችንን አንኳኩቶ ከጋዜጣ ውስጥ አንድ የብራና ቅጠል አወጣ። ጽሕፈቱ ያማረ፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ። የቅጠሉ ውስጠኛ ጠርዝ ግን ገና ነጭ ነበር፤ ከጥራዙ በምላጭ የተቆረጠው በቅርቡ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ቅጠል ከተቀደደበት መጽሐፍ ፊት የሚቆም ቄስ ነገ ገጹን ሲገልጥ ምን እንደሚያገኝ አሰብኩ። አልገዛሁም፤ ለምን እንደማልገዛም ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። እኛም የወረስናቸውን ሁለት የብራና መጻሕፍት አስመዝግበናል፤ ማንም አልወሰደብንም። የቤተ መጻሕፍት ወይም የገዳም ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ቢቀርብላችሁም አትግዙ። አባቴ አንድ ጊዜ ሳያይ ገዝቶ፣ ማኅተሙን ቤት ገብቶ ሲያገኘው በማግሥቱ ተሳፍሮ መልሶታል።

በተቃራኒው ማንም የማይፈልጋቸውን ትናንሽ ወረቀቶች ሰብስቡ። የደብር በዓል መጽሔት፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ መርሐ ግብር፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ተማሪ ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ የሞነጨረበት የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጽሐፍ። ታዋቂውን መጽሐፍ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይይዘዋል፤ የሠፈራችሁን እድር ደንብ ግን እናንተ ካልያዛችሁት ማን ይይዘዋል? የጎጃምን ታሪክና ትውልድ የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሥራ እንኳ በእጅ ጽሑፍ ብዙ አሥርት ዓመታት ተቀምጦ ነው በእኛ ዘመን ታትሞ የወጣው። ሰው ስለያዘው ነው የደረሰን። ለጥናት የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ቤታችን መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቁት እነዚህን ወረቀቶች ነው። መጽሐፍ አናውስም፤ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ሻይ ግን አለን።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ስለ መጻሕፍቱ ኑዛዜ አልተወም። አራት ልጆች ነን። አንዱ ወንድሜ በአራት እንካፈል አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የአባቱን ነገር በቤቱ ማየት ፈልጎ ነው። ሌላዋ ለተቋም እንስጥ አለች። ሁለት ዓመት ተኳረፍን፤ የአባታችንን ተዝካር እንኳ በሙሉ ልብ አልተገናኘንበትም። በመጨረሻ አጎታችን ሽማግሌ ሆኖ አስታረቀን። በጽሑፍ የተስማማነው ይህን ነው፦ ስብስቡ አይከፈልም፤ ማንም ብቻውን አይሸጥም፤ በአንድ ቤት ይቀመጣል፤ እያንዳንዳችን የምንወደውን አንድ መጽሐፍ በአደራ ወስደን በየዓመቱ ለፋሲካ ይዘን እንመጣለን፤ ጠባቂ ከጠፋ ሁሉም በአንድነት ለቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። እናንተ ግን እዚህ ድረስ አትጠብቁ። ወላጅ በሕይወት ሳለ፣ በአራት ምስክሮች ፊት በሚነበብ ግልጽ ኑዛዜ አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት ይበቃል። እኔም የድርሻዬን ባለፈው ዓመት ጽፌያለሁ።

በስልክ ፎቶ ማንሣቱ ጥሩ ነው፤ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከጎኑ ማስመሪያና የመዝገብ ቁጥሩ ተቀምጦ። አንዱን ቅጂ ቤት፣ አንዱን ሃርድ ዲስክ ሌላ ቤት፣ ሦስተኛውን አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ዘንድ አኑረናል። ሙሉ መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አስቡ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አለቃ ታየ በ1916 ዓ.ም. ስላረፉ የሳቸው ነጻ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ያረፉት የተክለ ጻድቅ መኩሪያ ግን ገና ነው።

ዛሬ በመዝገባችን 412 መጻሕፍትና 63 ሥዕሎችና ካርታዎች አሉ። የአያቴ ደብተር ከሞላ ቆይቷል፤ እኛ አራተኛው ላይ ነን። በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ የአሥራ አንድ ዓመቷ የእኅቴ ልጅ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣችና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ቀይና ጥቁር ሰጠኋት። ቁጥር 476 ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የድልድይ ምረቃ ወረቀት፣ ባሕር ዳር፣ ፳፻፲፮። ከማን፦ መንገድ ላይ ሲያድሉ እኔ የተቀበልኩት። ዋጋ፦ በነጻ። ትንሽ ዝናብ ነክቶታል፣ አድርቄዋለሁ።»